ከቆራሌ ጆንያ ወደ ቤተሰቡ እጅ፦ ባለቤቱ ያልታወቀ አሮጌ ፎቶግራፍ እንዴት ይመለሳል

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ፎቶግራፍ ከቤቱ የሚወጣባቸው መንገዶች ብዙ አይደሉም። ሰፈር ሲፈርስ ወይም የቤቱ ባለቤት ሲያርፍ ዕቃው ለቆራሌ ይሸጣል። ቆራሌው ያገኘውን ሁሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ያወርደዋል፤ እዚያ ፍሬሙ ለብቻው፣ መስታወቱ ለብቻው፣ አልበሙ ከአሮጌ ወረቀት ጋር ይለያያል። ጥቂቱ ወደ ቸርችል ጎዳና የጥንት ዕቃ ሱቆች ይወጣል። ጥቂቱም በመጽሐፍ ገጾች መካከል ተረስቶ ከመጽሐፉ ጋር ይሸጣል። የተዘጋ ፎቶ ቤት ኔጋቲቭ በካርቶን ሙሉ የሚገኝበት ጊዜም አለ።

እንዲህ ያለ ፎቶ እጁ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ፌስቡክ ላይ «ይህን ሰው የምታውቁ» ብሎ መለጠፍ ነው። የሚመጣለት መልስ «ድሮ ቀረ» እና «ሲያምሩ!» ነው። ፊት ብቻውን ማንንም አያገናኝም። የሚያገናኘው ፎቶው የወጣበት ቤት ነው፤ ቤቱ ሲታወቅ ሰፈሩ ይታወቃል፣ ሰፈሩ ሲታወቅ እድሩ ይታወቃል፣ እድሩ ውስጥ ደግሞ የሚያስታውስ ሰው አይጠፋም።

ከሻጩ ሳትርቁ

ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከየት ሰፈር እንደተነሣ፣ መቼ ገደማ እንደሆነ፣ አብሮት ምን እንደነበረ። ጥያቄው ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ይሁን። ቀድማችሁ ከጠየቃችሁ ዋጋው ይጨምራል፤ መልሱም ዋጋውን የሚያደምቅ ተረት ይሆናል፣ ማንኛውም ሽበታም ሰውዬ ወዲያው ደጃዝማች ይደረጋል። ምናለሽ ተራ ያለ ነጋዴ ሰፈሩን ላያውቅ ይችላል፤ ያመጣለትን ቆራሌ ግን ያውቃል፤ ቆራሌም የሚዞርበት ሰፈር የተለመደ ነው። ስልኩን ተቀበሉና በማግሥቱ ደውሉለት።

ከክምሩ ውስጥ ያማረውን ብቻ መርጣችሁ አትውሰዱ። በዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋው ጥፋት ይህ ነው። የሠርጉ ፎቶ ያምራል፤ ስም ግን የለውም። ስም ያለው በማያምረው ላይ ነው፦ በቀበሌ መታወቂያ ላይ ተመትቶ በቀረ ጉርድ ፎቶ፣ በተማሪ ካርድ፣ በውሃ ደረሰኝ፣ በእድር ደብተር፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ባለበት ኤንቨሎፕ። ፎቶ የሌለበት ወረቀትም ከፎቶዎቹ ጋር አንድ ላይ ይጓዝ።

ቤት ስትገቡ ቅደም ተከተሉን ሳታፋልሱ አስቀምጡት። አልበም ከሆነ አንዲት ፎቶ ሳትነቅሉ እያንዳንዱን ገጽ በስልክ አንሡ፤ ማን ከማን አጠገብ እንደተለጠፈ ራሱ ማስረጃ ነው፣ ተነቅሎ ባዶ የቀረው ቦታም ጭምር። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡና በወረቀት ፖስታ አኑሩት፤ ቁጥሩም፣ የተገኘበት ቀንና ቦታም የሚጻፈው በፖስታው ላይ ነው። ፎቶው ላይ መጻፍ ግድ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ፣ 2ቢ ወይም ከዚያ በለሰለሰ፣ ከጀርባው ጠርዝ ላይ፣ ጠንካራና ለጥ ያለ ነገር ላይ አስደግፋችሁ፣ ሳትጫኑ። እስክሪብቶ ወደ ፊቱ በኩል ጎድጎድ ያለ መስመር ያወጣል፣ ቀለሙም ከጊዜ በኋላ ሰርጎ ይታያል።

ፍሬም ካገኛችሁ የኋላውን ካርቶን ሳትከፍቱ አትለፉ። በእኛ ቤት አዲስ ፎቶ ሲመጣ አሮጌውን ከፍሬሙ ማውጣት ብዙም የተለመደ አይደለም፤ አዲሱ ከፊት ይገባል፣ አሮጌው ከኋላ ይቀራል። ከአንድ ፍሬም ሁለትና ሦስት ትውልድ ይወጣል። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ ግን አትንኩት፤ ሲላቀቅ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል፣ እጃችሁ ላይ ነጭ ወረቀት ትይዛላችሁ። ከነመስታወቱ ስካን ይደረጋል። ላስቲክ ሽፋንና የሚጣበቅ ገጽ ባላቸው አልበሞች ላይ የጥርስ ክር በፎቶውና በገጹ መካከል አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ እንደ መጋዝ ሳቡ፤ እምቢ ካለ ተዉት።

ሻጋታ ያለበትን ከሌላው ለዩ፤ አየር እንዲያገኝ አድርጉና ሲደርቅ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ደጅ ላይ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉት። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምስሉን ያነሣዋል። የተቀደደውን በስኮች ወይም በኮላ አታያይዙ፤ ስኮቹ በጥቂት ዓመት ቢጫ ሆኖ ይወልቃል፣ ሙጫው ግን ይቀራል። ኔጋቲቭ ከሆነና ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ ፊልሙ እየበሰበሰ ነውና ቶሎ ስካን ይደረግ። እ.ኤ.አ. ከ1951 በፊት የተሠራ ናይትሬት ፊልም ደግሞ እሳት ይወዳል፤ ቢጫ ሆኖ የሚያጣብቅ ኔጋቲቭ ከምድጃና ከፀሐይ አርቁት፣ በተዘጋ ላስቲክም አታፍኑት።

ስካን

በቀለም አድርጉ፤ ጥቁርና ነጭ ቢሆንም። ምክንያቱም የፎቶ ቤቱ የደበዘዘ ሐምራዊ ማኅተም በግራጫ ስካን ጨርሶ ይጠፋል፤ በቀለም ከሆነ ግን በኋላ በኮምፒውተር ነጥሎ ማጉላት ይቻላል። ለተራ ፎቶ 600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ይበቃል፤ ለጉርድ ፎቶ 1200፤ ለኔጋቲቭ 2400 እና ከዚያ በላይ። ጠርዙን ሳትቆርጡ፣ ፊቱንም ጀርባውንም፣ ጀርባው ባዶ ቢመስልም ስካን አድርጉ። ዋናው ፋይል በቲፍ ይቀመጥ፤ ለመላክ የጄፔግ ቅጂ አውጡ። የፋይሉ ስም ከፖስታው ቁጥር ጋር አንድ ይሁን፣ ጀርባው «ጀ» የሚል ይጨመርበት።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይሠራል፦ ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ሳይመታው፣ ፍላሽ ጠፍቶ፣ ስልኩ ከፎቶው ጋር ትይዩ ሆኖ። ከዚያ በተጨማሪ አንድ ልዩ ምስል አንሡ፦ ክፍሉን አጨልሙና የሌላ ስልክ መብራት ከፎቶው ጎን ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ብዙ ፎቶ ቤቶች ከታች ጥግ ላይ ቀለም የሌለው፣ ወረቀቱን ጎድጎድ የሚያደርግ ማኅተም ይመቱ ነበር፤ ከፊት ለፊት በሚመጣ ብርሃን አይታይም። የጠፋ የእርሳስ ጽሑፍም እንዲሁ ከጎን በሚመጣ ብርሃን ይነበባል።

ፊትን «የሚያጠሩ» እና ቀለም የሚቀቡ የስልክ መተግበሪያዎችን ለመለያ አትጠቀሙ። የሚያወጡት የሌላ ሰው ዓይንና ጥርስ ነው፤ ልጁ እናቱን ሳያውቃት ይቀራል።

ጀርባው ላይ ያለው

መጀመሪያ ቀኑ። «12/4/58» የሚል ጽሑፍ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 12 ቀን 1958 ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን 1950 ይሆናል። በሁለቱ መካከል ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አለ፤ ሙሽራይቱን ተማሪ፣ ተማሪዋን ሙሽራ ያደርጋል። ወሩ 13 ከሆነ ያለ ጥርጥር የእኛ ነው፤ ቀኑ 31 ከሆነ የፈረንጅ። ጽሑፉ በአማርኛ ስለሆነ ብቻ ቀኑም የእኛ ነው ማለት አይደለም፤ የባንክ፣ የአየር መንገድና የውጭ ድርጅት ሠራተኞች በፈረንጅ የመጻፍ ልማድ ነበራቸው። የእኛን ወደ ፈረንጅ ስትመልሱ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ጨምሩ፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8። በግዕዝ ቁጥር የተጻፈውን (፲፱፻፶፪ = 1952) ስታነቡ ፶ እና ፷ ይምታታሉ፤ አጉልታችሁ እዩት። በጣልያን ወረራ ጊዜ የተነሣ ፎቶ ላይ ከዓመቱ ጎን የሮማ ቁጥር ሊኖር ይችላል፤ ያ የፋሺስት ዘመን ቁጥር ነው። አሥራ አራት (XIV) የሚለው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 1935 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1936 መጨረሻ ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ አንድ ይጨምራል።

ቀን ከሌለ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ከጀርባ በስሱ የታተመውን የፋብሪካ ስም ፈልጉ፦ ፌራኒያ የጣልያን፣ ጌቨርት የቤልጂየም፣ አግፋና ሊዮናር የጀርመን፣ ቬሎክስ የኮዳክ ናቸው። አግፋና ጌቨርት የተዋሐዱት እ.ኤ.አ. በ1964 ስለሆነ ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ካሉ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ጀርባው ላስቲክ ላስቲክ የሚል ወረቀት ከ1960ዎቹ (በእኛ) ወዲህ ያለ ነው። ሱቆች የብር ኖት የሚፈትሹበት ሐምራዊ መብራት ካገኛችሁ ጨለማ ውስጥ ፎቶውን አብሩበት፤ ወረቀቱ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ካበራ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠራ ነው። ካላበራ ግን አሮጌ ነው አትበሉ፤ ሁሉም ወረቀት ያንን ነገር የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። «ለማስታወሻ ይሁንህ» ተብሎ የተጻፈበት ፎቶ የተገኘው በተቀባዩ ቤት ነው። ከፎቶው ላይ ያለው ሰው የዚያ ቤት ሰው አይደለም፤ ጓደኛ፣ የክርስትና ልጅ፣ አብሮ አደግ፣ የሥራ ባልደረባ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ፎቶ ስትመዘግቡ ሁለት መስመር ይኑራችሁ፦ «የተነሣው» እና «የተሰጠው»። የተሰጠው ሰው ስም በብዙ ፎቶዎች ጀርባ ላይ ከተደጋገመ የቤቱን ባለቤት አገኛችሁ ማለት ነው፤ ከእሱ ቤተሰብ ተነሥታችሁ ወደ ሌሎቹ ትሄዳላችሁ። ብዙ ጊዜ ፎቶው መጨረሻ ላይ የሚመለሰው ለሁለቱ ቤተሰቦች ነው፤ ዋናው ለአንዱ፣ ቅጂው ለሌላው።

ከጀርባ ያለ ብቻውን የቆመ ቁጥር፣ ለምሳሌ 3417 ዓይነት፣ የፎቶ ቤት የኔጋቲቭ ቁጥር ሊሆን ይችላል። ፎቶ ቤቱ በልጅ ወይም በዘመድ እጅ እስከ አሁን ካለ መዝገቡ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥት ያነሣ የነበረው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሥራውን የወረሱት ልጆቹ ሃይጋዝና ቶርኮም ማኅተማቸው ይታወቃል፤ በክፍለ ሀገር ያሉት ግን ከከተማቸው ውጪ አይታወቁም፣ ስለዚህ «ፎቶ እንትና» የሚል ስም ብቻ ካገኛችሁ በየከተማው ሽማግሌዎችን መጠየቅ ነው።

ፊት ለፊት የሚታየው

ከሰውየው በፊት ከኋላው ያለውን እዩ። ፎቶ ቤቶች የተሳለ መጋረጃቸውን ለዓመታት አይቀይሩም ነበር፤ ምሰሶው፣ ደረጃው፣ ሐይቁና የላስቲክ አበባው አንድ ዓይነት ከሆነ ማኅተም የሌለው ፎቶ ማኅተም ካለው ጋር ይመደባል። ወለሉን አትርሱ፤ የወለሉ ሸክላ ወይም ምንጣፍ ከመጋረጃው ይልቅ አይቀየርም። ከዚህ ሌላ ፎቶ ቤት ውስጥ የሚታየውን ሀብት አትመኑ፦ ኮቱ፣ ክራባቱ፣ ሬዲዮውና ስልኩ የቤቱ ንብረት ሊሆን ይችላል።

ምስሉ ተገልብጦ ታትሞ እንደሆነ አረጋግጡ። የወንድ ኮት የደረት ኪስ በለባሹ ግራ በኩል ነው፤ በለባሹ ቀኝ ከሆነ ኔጋቲቩ ተገልብጧል፣ የሚታየው ታርጋና የሱቅ ጽሑፍም በመስታወት መነበብ አለበት።

ደጅ የተነሣ ከሆነ ሕንጻዎቹ ዓመቱን ከሁለት በኩል ያጠሩታል። አፍሪካ አዳራሽ ከታየ ከ1953 ወዲህ፣ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ከታየ ከ1957 ወዲህ፣ ትግላችን ሐውልት ከታየ ከ1977 ወዲህ ነው። የሌኒን ሐውልት ካለ ከ1983 ግንቦት ወዲህ አይሆንም። መኪና ግን የሚነግራችሁ መነሻውን ብቻ ነው፤ ሰይቸንቶ ከፋብሪካ ከወጣ ከስንት ዓመት በኋላም አዲስ አበባ ላይ ታክሲ ነበረ። ጎፈሬና ቤል ቦተም ወደ 1960ዎቹ ይወስዳችኋል። ጥቁር ለብሳ ፀጉሯን የተላጨች ሴት ካለች ከል ላይ ናት፤ ያ ፎቶ ከአንድ ሰው ሞት አንድ ዓመት ገደማ አይርቅም፣ ስለዚህ ከቤተሰቡ ጋር ስትነጋገሩ ዓመቱን ለማወቅ ጥሩ ጥያቄ ይሆናል።

መለዮ ከሁሉ ይበልጣል። ትከሻው ላይ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙበት ክብ ምልክት ያለው ወታደር የአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ምልክት ለብሷል፤ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የተዋጋው በዚያ ክፍለ ጦር ሥር ነው። እንዲህ ያለውን ፎቶ አዲስ አበባ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ውሰዱት፤ ዘማቾቹ እያለቁ ስለሆነ ይህ የሚቆይ ሥራ አይደለም። ካኪ ለብሰው በገጠር ትምህርት ቤት ፊት የቆሙ ወጣቶች ካሉ የ1967 የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ሊሆኑ ይችላሉ፤ በጣቢያ ስለተመደቡ አንዱ ከታወቀ ሌሎቹን ይጠራቸዋል። የትምህርት ቤት የቡድን ፎቶም እንደዚሁ ነው፦ ተፈሪ መኰንን፣ እቴጌ መነን፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ መድኃኔ ዓለም የተማሩ ሰዎች የራሳቸው ማኅበርና የቴሌግራም ቡድን አላቸው፤ አርባ ልጅ የቆመበት ፎቶ ከአንድ ሰው ጉርድ ፎቶ በጣም ቶሎ መልስ ያገኛል።

ስሙን ስትፈልጉ

የቤተሰብ ስም ስለሌለን «አበበ ተሰማ» ብቻውን የትም አያደርስም። አያት እስኪገኝ ድረስ ፍለጋው አልተጀመረም። ማዕረግ ካለ (ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ መምሬ፣ የመቶ አለቃ) ከስሙ ጋር መዝግቡት፤ የሰፈር ሽማግሌ የሚያስታውሰው በማዕረጉ ነው። ከጀርባ የተጻፈው «እትዬ» ወይም «ጋሼ» ብሎ የሚጀምር የቤት ስም ከሆነ መታወቂያ ላይ ካለው ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ የክርስትና ስምም እንዲሁ።

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እየቀያየራችሁ ጻፉ፦ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሀይሉ። በላቲን ፊደልም ቢያንስ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሞክሩ። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ልጆች የአባታቸው ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተይዞላቸዋል፣ ያገባች ሴትም የባሏን ልትይዝ ትችላለች። እስራኤል ያሉት ደግሞ ብዙዎቹ ሲገቡ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ የአያታቸው ስም ነው የቤተሰብ ስም የሆነው። ስለዚህ በ1977 ወይም በ1983 ከጎንደር አካባቢ የወጣ ቤተሰብ ስትፈልጉ የልጁን ስም ትታችሁ የአያቱንና የመንደሩን ስም ይዛችሁ ሂዱ።

የሚጠየቁ ሰዎች

ፎቶው የወጣበት ሰፈር ከታወቀ መጀመሪያ የሚኬደው እድር ዘንድ ነው። የእድሩን ጸሐፊ አግኙ፤ ሊቀመንበሩ ይከበራል፣ ደብተሩ ያለው ግን ጸሐፊው ጋ ነው። የእድር መዝገብ የአባሉን ብቻ ሳይሆን ሲሞት እድሩ የሚቀብርለትን የቤተሰቡን አባላት ስም ይይዛል። ሰፈሩ ፈርሶ ከሆነ፣ እንደ ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ ሰዉ ቢበተንም እድሩ ወዲያው አይፈርስም፤ ብዙዎቹ በወር አንድ ጊዜ ከያሉበት እየመጡ ይሰበሰባሉ። በስብሰባው ቀን ትልልቅ አድርጋችሁ ያሳተማችኋቸውን ቅጂዎች ይዛችሁ ሂዱ። ስልክ አትዘርጉ፤ የሰማንያ ዓመት ሰው በስልክ መስታወት ላይ ሰው አይለይም። በኤ4 ወረቀት የታተመ አንድ ፊት ይለያል።

ሽማግሌ ስትጠይቁ «ይህ አቶ እንትና ናቸው?» አትበሉ፤ አክብሮ «ናቸው» ይላችኋል። «እዚህ ላይ የሚያውቁት ሰው አለ?» በሉና ዝም በሉ። ሁለት ሽማግሌዎችን አንድ ላይ አትጠይቁ፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው ይከተላል። «ይመስላሉ» እና «ናቸው» የሚሉትን ለይታችሁ ጻፉ።

ፎቶው የአርመን ቤተሰብ የሚመስል ከሆነ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ የአርመን ቤተ ክርስቲያን፣ የግሪክ ከሆነ ወደ ግሪክ ማኅበረሰቡ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚኬደው፤ የቀሩት ጥቂት ቢሆኑም ወዴት አገር ማን እንደሄደ ያውቃሉ። ውጭ አገር የተገኘ የኢትዮጵያ ፎቶ ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሟች ቤት ዕቃ ጋር የሚሸጡት የቀለም ስላይዶች ብዙዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ያስተማሩ የሰላም ጓዶች (ፒስ ኮር የተባሉ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች) ያነሷቸው ናቸው። የኮዳክሮም ስላይድ የካርቶን ክፈፉ ላይ ወርና ዓመት ታትሞበታል፤ ያ ግን ፊልሙ የታጠበበት ነው፣ ወደ ውጭ ተልኮ ስለሚታጠብ ከተነሣበት ወራት ሊዘገይ ይችላል። በኢትዮጵያና በኤርትራ የሠሩ የቀድሞ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር አላቸው፤ የከተማውን ስም ከነገራችኋቸው እዚያ ማን እንዳስተማረ ይነግሯችኋል፣ መምህሩ ከታወቀ ተማሪዎቹ ይታወቃሉ።

የታወቀ ሰው ወይም ባለሥልጣን ሊሆን ይችላል ካላችሁ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) አሉ፤ የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዝ ገልብጣችሁ ከታተመ ፎቶ ጋር ማስተያየት ይቻላል። ጎግል ሌንስ ሕንጻና የታተመ ፎቶ ያገኛል፤ በአልበም ውስጥ የኖረ የግል ፎቶ ግን አያገኝም።

መለጠፍ ግድ ከሆነ

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰው ፎቶ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም። ሰውየው ከሞተ ደግሞ አንቀጽ 30 ክብሩን የሚነካ ነገር ሲሆን መብቱን ለቤተሰቡ ይሰጣል። ስለዚህ የሚለጠፈው ትንሽ ይሁን፦ አነስተኛ ጥራት ያለው አንድ ምስል፣ ከሙሉ ክምሩ ውስጥ ማንንም የማያሳፍረው። የለቅሶ፣ የአስከሬን፣ የሆስፒታል፣ የራቁት ሕፃን ፎቶ አይለጠፍም። የደርግ ዘመን መለዮ የለበሰውን ወይም በቀይ ሽብር ጊዜ የጠፋ ሊሆን የሚችለውን ወጣት ፎቶ በአደባባይ ከመልቀቅ በሰው በሰው መፈለግ ይሻላል። ብሔር፣ ፓርቲና ማዕረግ ገምታችሁ አትጻፉ፤ አስተያየት መስጫው ወደ ጠብ ይለወጣል፣ ፈላጊው ቤተሰብም ይሸሻል።

ጀርባውን በፍጹም አታሳዩ። የመፈተኛ ጥያቄያችሁ እሱ ነው። የቡድን ፎቶ ከሆነ አንዱን ሰው ቆርጣችሁ አስቀሩ። ጽሑፉ አጭርና ቦታ ቦታ የሚል ይሁን፣ ለምሳሌ፦ «ሠራተኛ ሰፈር አካባቢ ከፈረሰ ቤት የወጣ አልበም። ከ1955 እስከ 1962 ገደማ። ቤተሰቡን ወይም በዚያ ሰፈር ያደገ ሰው የምታውቁ በውስጥ መስመር አግኙን። አይሸጥም።» የመጨረሻዋ ቃል ካልተጻፈች ግማሹ መልእክት ዋጋ ጠያቂ ይሆናል። ፎቶው ከወለጋ ወይም ከአድዋ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛም አስጽፉ።

«የኔ ናቸው» የሚል ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ሰፈሩን፣ ከጀርባ የተጻፈውን ስም ወይም የቆረጣችሁትን ሰው፣ የዚያኑ ሰው ሌላ ፎቶ። ሁለቱን ፎቶዎች ስታስተያዩ ፀጉርና ጺም ትታችሁ ጆሮን እዩ፤ የጆሮ ቅርጽ በዕድሜ እንደ ፊት አይለወጥም። ሰብሳቢዎችና ነጋዴዎች ዘመድ መስለው እንደሚመጡ አትርሱ፤ ሌላ ፎቶ ማሳየት የሚቸግራቸው እነሱ ናቸው።

ለቤተሰቡ ስትደውሉ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የጦር ሜዳ ሰው ሆኖ ሬሳው ያልመጣ፣ በቀይ ሽብር ተወስዶ ያልተመለሰ፣ ተሰዶ የጠፋ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ እናት እስከ ዛሬ ተዝካር ሳታወጣ ትጠብቃለች። ያልታወቀ ሰው ደውሎ «የልጅዎ ፎቶ እኔ ጋ አለ» ሲላት «የት አገኘኸው?» ነው የምትለው፣ በሕይወት አለ ብላ። ስለዚህ የመጀመሪያው ስልክ ለቅርቡ ሰው አይሁን። ለወንድም ልጅ፣ ለአማች፣ ለእድሩ ሰው ይሁን፤ በፎቶው ላይ ያለው ሰው ዛሬ በምን ሁኔታ እንዳለ ከእሱ ስሙ። ቤተሰቡ መርዶ ያልተረዳው ነገር ካለ ያንን የሚያወራው የራሳቸው ሽማግሌ ነው፤ ጊዜውን እነሱ ይምረጡ፣ እናንተ ጠብቁ። በፎቶው ውስጥ ሌላ ሚስት፣ ሌላ ባል፣ ያልታወቀ ልጅ ቢኖርም ምንም ሳትሉ አስረክቡ።

ዋናውን ስጡ፣ ቅጂውን ለራሳችሁ ለማስቀረት ፈቃድ ጠይቁ። ለቆራሌው የከፈላችሁትን አትቀበሉ፤ የከፈሉት እንደሚመለስ ከተሰማ ምናለሽ ተራ ላይ ያለው ሁሉ ፎቶ በአንድ ሳምንት የማይቀመስ ይሆናል፣ «ቤተሰቡን ልፈልግልህ» የሚል ደላላም ይፈጠራል። ልጆቹ ብዙ ከሆኑና ከተጣሉ ዋናው ለሁሉም ታላቅ ይሰጥ፣ ለቀሩት በጥሩ ወረቀት የታተመ ቅጂ ከነጀርባው። ውጭ አገር ላለ ቤተሰብ ፎቶውን ከሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አድርጋችሁ፣ ካርቶኑ ከፎቶው በየጎኑ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር ተርፎ፣ በላስቲክ ሸፍናችሁ ክትትል ባለው ፖስታ ላኩ፤ በሚታመን ሰው እጅ ከላካችሁም ከሻንጣ ይልቅ በእጅ ቦርሳ ይያዝ። ፍሬሙ አሮጌ ከሆነ ፍሬሙን አትላኩ፤ አየር ማረፊያ ላይ በቅርስነት ሊያስጠይቅ፣ ፎቶውም አብሮ ሊያዝ ይችላል።

ፎቶው እንደተመለሰ የለጠፋችሁትን ምስል አጥፉና በቦታው «ባለቤቱ ተገኝቷል» ብላችሁ ጻፉ፤ ምስሉ ካልጠፋ ከዓመታት በኋላም ሰው እያጋራው ቤተሰቡ በየጊዜው ስልክ ይደወልለታል። ባለቤት ያልተገኘለት ክምር ደግሞ ከነመዝገቡ፣ ማለትም ከየት እንደተነሣ፣ ማን ምን እንዳለ፣ «ይመስላሉ» የተባሉት ስሞች ጭምር፣ ለስድስት ኪሎው ተቋም ወይም ለወመዘክር አቅርቡት፤ ስትሰጡ የተሰጠበትን ደብዳቤ በማኅተም ተቀበሉና አንድ ቅጂ ለእድሩ ጸሐፊ ተዉለት፣ ቤተሰቡ አንድ ቀን ቢመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና።